እሳት ቀጠሮ ይዞ ይምጣ

እንደ መርካቶው ሶማሌ ተራ እሳት ማጥፊያን የሚያከብር ሰፈር አላየሁም። ሌላው ዕቃ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይና ጭቃ ሲፈራረቅበት፣ እሱ ብቻ ከካምቢዮ ክምር ጀርባ፣ ያለ መሰላል የማይደረስበት ቦታ ላይ ይሰቀላል። የዘይት ፊልትሮ ልገዛ በገባሁበት አንድ ሱቅ ያየሁት ከነላስቲኩ ነበር። አንገቱ ላይ ቺንጋ ተደርድሮበታል፤ ፒኑ በሽቦ ተጠፍሯል። «ልጆቹ እየነካኩ አስቸገሩኝ» አለኝ ባለሱቁ። የጌጁ ቀስት ከአረንጓዴው ወርዶ ቀዩ ላይ ተኝቷል።

አመራረጡም ቀላል ነው፤ ርካሹ ይገዛል። ፓውደር ይሁን ውሃ ማን ይጠይቃል? ቤንዚን ላይ ውሃ ሲለቁበት ነዳጁ ከላይ እየተንሳፈፈ እሳቱን ለጎረቤት ያደርሳል፤ ጉርብትና ማለት ይኸው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጌጅ ስለሌለው ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው በሚዛን ነው አሉ። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ሚዛን ከየት ይገኛል! ለመኪናም ቢሆን የሚፈለገው ለቦሎ ነው፤ ምርመራው እንዳለፈ ለሚቀጥለው ባለመኪና ይዋሳል።

ከሁሉም የማደንቀው ግን መተሳሰቡን ነው። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል አንዱ ሲሊንደር በወዛደር ትከሻ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ሰውዬው ከፊት በር ሲወጣ ሲሊንደሩ በጓሮ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ገብቷል። ሥርዓቱ እንከን የለውም። የሚቀረን እሳቱን ማስለመድ ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ግልባጩ ለወረዳው ይድረስ። በቀጠሮው ቀን እሳቱ ከመጀመሪያው ሱቅ ይጀምር፤ ጨርቁን ለብልቦ ሲሊንደሩ እስኪመጣ አግዳሚ ላይ አረፍ ይበል፣ ሻይ ይታዘዝለት። ወዛደሩ ዋጋ አልስማማ ካለ እሳቱም ይታገሥ። ባለሱቁ ሶላት ወይም ቅዳሴ ላይ ከሆነ ቀጠሮው ለሌላ ቀን ይዛወር። ሳይፈቀድለት ወደ ጎማ ተራው የዘለለ እሳት ግን በሽማግሌ ይመከር፤ እምቢ ካለ ከዕቁቡ ይሰረዝ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ እዚያው መርካቶ፣ ሸማ ተራ ላይ የተነሣው እሳት ደብዳቤ አልጻፈም። የስንቱን የዕድሜ ልክ ሀብት አመድ አደረገ። ያንን አይተን ዛሬም ባዶ ቆርቆሮ የምንሰቅል ከሆነ፣ ድሆች ስለሆንን አይደለም፤ ደንቆሮዎች ስለሆንን ነው።

ስድስት ኪሎው ፓውደር እንኳ ሲለቁት ግማሽ ደቂቃ አይቆይም። የተሠራው ለጅምር እሳት ነው፤ ጣሪያ ለያዘ እሳት አይመልስም። ስለዚህ በር አጠገብ፣ እጅ የሚደርስበት ይሰቀል። ፒኑን ነቅለህ፣ መውጫህን ከጀርባህ አድርገህ፣ ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን ግራ ቀኝ ትጠርጋለህ። ከአቅምህ በላይ ከሆነ ውጣ።

939 መደወልም አለ። ደውለን የእሳት አደጋ መኪናው ሲመጣ ግን ትንሽ መታገሥ ይኖርበታል፤ መንገዱ መሃል የተፈታው ሞተር ባለቤት ምሳ ወጥቷል።