አንድ ዓመት በዕልባት ሲቆፈር

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዓመቱን የሚዘጋበት ቀን አንድ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በጀቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የንባብ ሒሳቡም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። እንደ አብዛኛው ሰው ከሆነ እስከ ጳጉሜን ጊዜ አለው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ዘመድ ያለው ከሆነ ደግሞ የፈረንጁ ዓመት እስኪያልቅ ማንም አይጠይቀውም። ሦስት መዝጊያ መኖሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ባይሆንም ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። ዝርዝሩ በሰኔ ከሳ ካለ ወደ ጳጉሜን ይሻገራል፤ በጳጉሜንም ካልሞላ «እኔ እንኳ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው» ይባላል። በየአራት ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ሲመጣ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ትመርቃለች፤ ቀጭን የግጥም መድበል ለሚጨርስ ሰው ሕጋዊ ጭማሪ ነው።

የሚዘጋው ሒሳብ «በዓመቱ ያነበብኳቸው» የሚባለው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘውግ ሲሆን በይዘቱ ከልቦለድ ይመደባል። በወጉ በተሠራ ዝርዝር ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ አንድ ከሩሲያ የመጣ ትርጉም፣ ርዕሱ ላይ «አእምሮ» ወይም «ስኬት» የሚል ያለበት አንድ መጽሐፍ፣ እንዲሁም አንድ «በድጋሚ የተነበበ» አይጠፉም። በድጋሚ የሚነበበው ብዙውን ጊዜ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው ሰው ተፈልጎ አይገኝም፤ ሁሉም በድጋሚ ነው የሚያነበው።

ለዚህ ሳይንሳዊ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ተዋናዩ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጠ ሰው ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሰምቷል፣ ጉዱ ካሳ ሲከራከር ሰምቷል፤ ስለዚህ አንብቧል። እናቱ እንጀራ እየጋገረች ሬዲዮ ስትሰማ ከጓዳ በር ላይ ቁጭ ብሎ የነበረ ሕፃንም አንብቧል። ከዚያ በኋላ የተወለደው ደግሞ ሲወራ የሰማ ነው።

ዝርዝሩ የማይታመን ሰነድ ከሆነ ሌላ ማስረጃ ማፈላለግ ግድ ይላል። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ መጽሐፉ ውስጥ ተሰክቷል። አንባቢ ዕልባት አይገዛም። ስልክ ሲደወል፣ ታክሲ ሲደርስ ወይም ወጥ ሲያር በዚያች ደቂቃ እጁ የገባውን ወረቀት ሰክቶ ይነሳል፤ በዚያች ደቂቃ እጁ የሚገባው ወረቀት ደግሞ ከኑሮው የተቆረሰ ነው። በዚህ መላምት መሠረት ይህ ጥናት የአንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ የ2017 ዓ.ም. መጻሕፍትን አንድ በአንድ አራግፏል። ናሙናው አንድ ሰው መሆኑ እንደ ጉድለት ሊነሳ ይችላል። ሌሎች ተጠኚዎችም ተፈልገው ነበር፤ መጽሐፋቸው ሊራገፍ መሆኑን ሲሰሙ ግን ሁሉም ሥራ በዛባቸው።

የታችኛው ንብርብር የመስከረም ነው። በአንድ የታሪክ መጽሐፍ ገጽ 18 ላይ የተገኘው የጎረቤት ልጅ የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ያመጣው ሥዕል ነው፦ ቢጫ የተቀባ አደይ አበባ፣ ክንፉ ከአካሉ የሚበልጥ መልአክ፣ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «እንኳን አደረሳችሁ»። ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ለልጁ ስንት ብር እንደተሰጠው አልታወቀም፤ መጽሐፉ ግን ከገጽ 18 አላለፈም። በዚሁ ወር የተገዙት ሌሎች መጻሕፍትም ያው ናቸው። ሁሉም ተከፍተዋል፤ የሁሉም መግቢያና ምስጋና በጥንቃቄ ተነቧል። ተጠኚው በመስከረም ያነበበው መግቢያ ብቻ ተሰብስቦ ቢጠረዝ ደህና መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር ከገጾቹ ውስጥ ምንም አልተገኘባቸውም። ስለነሱ የሚናገረው የጀርባ ሽፋን ነው። በአንድ የትርጉም ሥራ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ዋጋ በጥፍር ሲላጥ ከሥሩ ሌላ ዋጋ ወጣ፤ እሱም ሲላጥ አሳታሚው ያተመው ዋጋ ተገኘ፤ በላይኛው ሒሳብ ሲታይ የጽሑፍ ስህተት ይመስላል። ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ነውና ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ መጽሐፍም እንደ ዘይቱ ተራውን አግኝቷል። ተጠኚው ከዚህ በኋላ መጽሐፍ የሚያነበው ካፌ ውስጥ፣ በቁሙ ነው። አዟሪው ከወገቡ እስከ አገጩ የከመረውን ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርስ ተጠኚው ከመሀል አንዱን ይመዛል፣ ጀርባውን ያነባል፣ መሀሉን ይገልጣል፣ ያሸታል፣ «ነገ አለህ?» ብሎ ይመልሳል። አዟሪው «አለሁ ጋሼ» ይላል። ሁለቱም ነገ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኒክ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቢሊቨር በተባለው መጽሔት በሚጽፈው ዓምድ በወሩ የገዛቸውንና ያነበባቸውን መጻሕፍት ለየብቻ ይደረድር ነበር። ለአዲስ አበባ አንባቢ ሁለቱ ዓምዶች አይበቁም። «ዋጋ የተጠየቀባቸው» የሚል ሦስተኛ ያስፈልጋል፤ ከሦስቱም የሚረዝመው እሱ ነው።

የጥር ንብርብር ወፍራም ነው። በአንድ ልቦለድ ገጽ 74 ላይ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ተሰክቷል፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው የሙሽራ ስም የተጠኚው የራሱ ነው። ሳይታደል ከተረፈው አንዱ መሆኑ ነው። ካርዱ ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ ፋሲካ ማግሥት ከገጽ 74 ንቅንቅ አላለም።

ክስተቱ ለሳይንስ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1838 ያነበባቸውንና ሊያነባቸው ያሰባቸውን መጻሕፍት በደብተር መመዝገብ ጀመረ፤ እስከ 1860 ድረስም ቀጠለ። በዚያው በ1838 ደግሞ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በአንዱ በኩል ላግባ፣ በሌላው በኩል አላግባ ብሎ ምክንያቶቹን ደረደረ። ካገባ ከሚያሰጉት ነገሮች መካከል ማምሻውን ማንበብ አለመቻል፣ ለመጽሐፍ የሚተርፍ ገንዘብ ማነስና ዘመድ ለመጠየቅ መገደድ ይገኙበታል። በማግባት ወገን ሚስት የእርጅና ጓደኛ እንደምትሆን ከጻፈ በኋላ ለማንኛውም ከውሻ እንደምትሻል አክሏል። ሚዛኑ ወደ ማግባት አደላና በጃንዋሪ 1839 የአጎቱን ልጅ ኤማ ዌጅውድን አገባ። አሥር ልጆች ወለዱ፤ የመጽሐፍ ዝርዝሩም አልተቋረጠም። የትዳር ደጋፊዎች ይህን ማስረጃ ደጋግመው ቢጠቅሱት አይፈረድባቸውም። ዳርዊን ግን የዘመድ ጥየቃን የፈራው በእንግሊዝ አገር ሆኖ ነው። መልስ፣ ቅልቅል፣ ከዚያ የአክስት ጥሪ፣ ከዚያ «እኛንስ ረሳችሁን» የሚሉ የአባት ባልንጀሮች ጥሪ ቢከተለው ኖሮ የዝርያዎች አመጣጥ በ1859 መውጣቱ ያጠራጥራል።

ጋብቻው ለጥናቱ ያልታሰበ የማመሳከሪያ ናሙና አስገኝቷል። ሙሽሪት ከእቃዋ ጋር መጻሕፍቷንም ይዛ ስለመጣች በአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለት ፍቅር እስከ መቃብር ተገናኙ። የእሷ ቅጂ ጀርባው ተሰነጣጥቋል፤ ጉዱ ካሳ አፉን በከፈተበት ሁሉ ሕዳጉ ላይ በእርሳስ ቃለ አጋኖ አለ፤ መጨረሻው አካባቢ ጠብታ ነገር ደርቆበታል፣ ሻይ ሊሆን ይችላል። የተጠኚው ቅጂ የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ ከሚተዋወቅባቸው የመጀመሪያ ገጾች በኋላ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው። እንዲያውም ከመሀሉ ሁለት ቅጠሎች ጠራዡ ሳይቆርጣቸው ጫፍ ለጫፍ እንደተያያዙ ተገኝተዋል። ያለ ምላጭ ሊነበቡ አይችሉም፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ምላጭ የገባው ከሠርጉ ዋዜማ ወዲህ ነው። ባለቤቱ ይህን ስታይ ምን እንዳለች በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት አይገለጽም።

ከፋሲካ በኋላ ባልና ሚስት ቤት ቀየሩ። መጻሕፍቱ በፓስታ ካርቶን ታሽገው ሲጫኑ አንዱ ወዛደር ካርቶኑን ብድግ ሊያደርግ ሞክሮ «ድንጋይ ነው እንዴ?» አለ። «መጽሐፍ ነው» ሲባል ዋጋው ተጨመረ።

በግንቦት የዓመቱ ከፍተኛ የንባብ ፍጥነት ተመዝግቧል። የአዳም ረታ የስንብት ቀለማት ከኮመዲኖው ላይ ለብዙ ጊዜ የተነሳው አቧራ ሲጠረግ ብቻ ነበር፤ ውፍረቱን ያየ ይህን አያደንቅም። በግንቦት በጥቂት ቀን ውስጥ ከግማሽ አለፈ። በውስጡ የተገኙት የላቦራቶሪ ተራ ቁጥር፣ የፋርማሲ ካርኒ፣ እንዲሁም በተጠኚው እጅ «አጥሚት ነው ያለችው፣ ሾርባ አይደለም» ተብሎ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ናቸው። ተጠኚው በዚያ ሰሞን የእናቱ አስታማሚ ነበር። ሌሊት በአግዳሚ ወንበር፣ ቀን ከአልጋቸው ግርጌ ያነብ ነበር። እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው «ምን ይላል?» ብለው በጠየቁት ቁጥር ጥቂት መስመር ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። አንድ ቀን እስከ መጨረሻው አዳምጠው «ሰውየው ብዙ ያያል» ብለዋል። ይህ ጥናት ካገኛቸው የሥነ ጽሑፍ ሒሶች ሁሉ አጭሩ ነው፤ ስለ አዳም ረታ ከተጻፉት ረጃጅሞች አብዛኞቹም ከዚህ ብዙ አልራቁም።

እናትየው ድነው ከወጡ ወዲህ የመጽሐፉ ዕልባት አልተንቀሳቀሰም። ጤና ለረጅም ልቦለድ እንደማይመች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ከክረምቱ ግኝቶች ለብቻው ሊነሳ የሚገባው አንድ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ወፍራም ልቦለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተረጎመው፤ ኋላ ነገም ሌላ ቀን ነው ተብሎ ታተመ። በአማርኛ የትርጉም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚስተካከል የወረቀት አጠቃቀም የለም። ተጠኚው የዚህ መጽሐፍ አንድ ቅጂ አለው፤ ሐምሌ ላይ ጀምሮታል። ዕልባቱ ተቀዶ የታጠፈ የሲጋራ ፓኬት ነው። ለሥራው የተደረገ የአክብሮት ምልክት ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ ተጠኚው ወዲያው ተስማማ። የተቸገረችው ባለቤቱ ናት፤ በእሷ መዝገብ ማጨስ የቆመው ለሠርጉ ነው።

ጳጉሜን ላይ ተጠኚው ዝርዝሩን አውጥቷል። ወፍራሙም፣ ሩሲያዊውም፣ «አእምሮ» ያለበትም አሉበት። የስንብት ቀለማት «ተነበበ» ተብሎ ገብቷል፤ ስለ አጥሚቱ የተጻፈ የለም። ሠርጉም፣ ቤት መቀየሩም የሉም። በሌላ በኩል በቤቱ ውስጥ ያልተገኘ አንድ ልቦለድ በዝርዝሩ ሁለተኛ ተራ ላይ ሰፍሯል፤ መጽሐፉ የት እንዳለ ሲጠየቅ «ለጓደኛዬ አውሼው» የሚል መልስ ተሰጠ።

ጥናቱ መጽሐፉን ፍለጋ ወጣ። ጓደኛው ለሥራ ባልደረባው አውሶታል። ባልደረባዋም ለእህቷ ሰጥታዋለች። እህትየዋ ዘንድ ሲደረስ መጽሐፉ በደህና ተገኘ፤ በሦስቱም ሰዎች የዓመቱ ዝርዝር ውስጥ መመዝገቡም ተረጋገጠ። ሲራገፍ ሦስት ዕልባት ወደቀ፦ የታጠፈ የሎተሪ ቲኬት፣ የመብራት ክፍያ ደረሰኝና የፀጉር ማስያዣ። ሦስቱም የተሰኩት ገጽ 61 ላይ ነበር።

ሦስት ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ማቆማቸው በአጋጣሚ ሊታለፍ የሚችል አይደለም። ገጹ ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ አጥኚው መጽሐፉን ተውሶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለት አንቀጽ እንዳነበበ መብራት ጠፋ፤ ሻማ ሊፈልግ ሲነሳም ምልክት እንዲሆነው የታክሲ መልሱን አሥር ብር ሰካበት።