ለአንድ ቀን በረዶ የተገዛ ፒክአፕ

የዮርዳኖስን ዋና ከተማ አማንን በእግሩ የዞረ ሰው ጉልበቱ ያውቃታል። ጀበል አማን፣ ጀበል ወይብዴ፣ ጀበል ሁሴን እያለች ከአንዱ ኮረብታ አውርዳ ወደ ሌላው ታስወጣለች። ዳገቱን አይቶ «እዚህ አገር ያለ ፎር ዊል እንዴት ይኖራል?» የሚል እንግዳ ቢገኝ አይፈረድበትም። ትንሽ ቆም ብሎ ይመልከት እንጂ። ያንን ዳገት የቤትሆቨንን «ፉር ኤሊዝ» በድምፅ ማጉያ እያሰማ የሚወጣው የጋዝ ሻጩ ትንሽ ፒክአፕ ነው። ሲሊንደሩ እላዩ ላይ ይንቋቋል፤ የሚገፉት ግን ሁለቱ የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ናቸው። ሐብሐብ ሻጩም፣ አሮጌ ፍሪጅና ቁርጥራጭ ብረት ገዢውም እንደዚያው።

ታዲያ ፎር ዊሉ የት ሄደ? አብዱን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ካፌ ደጃፍ ቆሟል። ደብል ጋቢና ነው፤ ለመሳፈር መወጣጫ ይፈልጋል፤ ከኋላው «4×4» የሚል ጽሑፍ ከታርጋው ገዝፎ ተለጥፎበታል። የጭነት ሳጥኑ ሽንኩርት አይቶ አያውቅም።

ባለቤቱን ለምን እንደገዛው ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ ለበረዶ። እውነቱን ነው፤ አማን በረዶ ይጥላል። በታኅሣሥ 2013 (እ.ኤ.አ.) የወረደው ከተማዋን ቀጥ አድርጎ አቁሟት ነበር። በጥር 2015ም፣ በጥር 2022ም ወርዷል። በየዓመቱ ግን አይመጣም፤ ሲመጣም ብዙ አይቆይም። ሰውዬው ግን ጎረቤቱን ከበረዶ ጎትቶ ያወጣበትን ቀን እስከ ዛሬ ያወራዋል። በቀረው ጊዜ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ጉዱ የሚፈላው በረዶው በወረደ ማግስት ነው። ትራንስፈር ኬዝ የሚባለው ሳጥን ከካምቢዮው ኋላ ተገጥሞ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማ ያካፍላል። በአብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ተቆላልፈው ይታሰራሉ። መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማ ከኋላው ሰፋ ያለ መንገድ ይሄዳል። በረዶ ወይም አሸዋ ላይ ከሆነ ጎማው ትንሽ ይንሸራተትና ልዩነቱ ይካካሳል። ደረቅ አስፋልት ግን ጎማውን አይለቅም። ያ ሁሉ ትግል ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ካቴናው ይለጠጣል፣ ጥርሱ ይበላል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል።

እንግዲህ በረዶው ረፋዱ ላይ ይቀልጣል። ማብሪያው ግን አራት ጎማ ላይ እንደተረሳ ነው፤ ወይም ባለቤቱ መብራቷ ዳሽቦርዱ ላይ ስትበራ ደስ ስለምትለው አልመለሰውም። አማን ደግሞ ለዚህ ጥፋት ሆን ተብላ የተሠራች ትመስላለች፦ ከጀበል አማን ተነስቶ ወደ ምዕራብ በሚሄደው መንገድ ላይ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የተቆጠሩ አደባባዮች አሏት። ዛሬ ብዙዎቹ ላይ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ቢሠራም መጠምዘዣ አልጠፋም። ሰውዬው መሪው እየከበደው፣ ጎማው እየጮኸበት ሁሉንም ይዞራል። ስምንተኛው አጠገብ ደግሞ በያደር ዋዲ ሲር አለ፤ የአማን ጋራዦች አንዱ ዋና ሰፈር። ለአደባባይ ዟሪ ከዚህ የተመቸ ፌርማታ ከየት ይገኛል!

እዚያ የሚደረገው ጭውውት ቃል በቃል ይደጋገማል ማለት ይቻላል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦

«ፎር ዊል አስፋልት ላይ አስገብተህ ነበር?»

«ወላሂ አላስገባሁም!»

መካኒኩ አንገቱን በመስኮቱ ያስገባል። መብራቷ ትበራለች።

«ይቺስ?»

«እሷ ከፋብሪካ ጀምሮ እንደዚያው ናት፣ ያ ሙዓለም።»

ከዚያ በኋላ የመኪናው ኩባንያ ይረገማል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ባለቤት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «እንዳይበላሽ» ብሎ ፎር ዊሉን ጨርሶ አይነካውም። የቶዮታ መጽሐፍ ፎር ዊሉን በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ንዱት ይላል፤ የፊቱ ክፍል ዘይት እንዲያገኝ። መጽሐፉ ግን ከነላስቲኩ ኪስ ውስጥ ተኝቷል። በአዳዲሶቹ ላይ ዘንጉ ቀርቶ የምትዞር ቁልፍ ገብታለች፤ ሥራውን የሚሠራው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። እሱም ዓመታት ካልተነካ ይደርቃል። በረዶ የወረደ ቀን ቁልፉ ይዞራል፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ጎማው ግን አልሰማም።

በአንድ የአብዱን ቤት የምትሠራ የአገራችን ልጅ የነገረችኝ ግን ከሁሉም ይብሳል። በየጠዋቱ የምታጥበው የግቢ ንጣፍ ላይ፣ ከፒክአፑ መሃል ስር፣ ጥቁር ነጠብጣብ ታያለች። «ማዳም፣ መኪናው ዘይት ያፈሳል» አለች። ማዳም ለባሏ ነገረች። እሱ ካፌ የሚሄድ ሰው ነውና ያውቃል፤ «የኤሲ ውሃ ነው» አለ። ልጅቱ ግን ውሃ በሳሙና ተፈትጎ እንቢ እንደማይል ታውቃለች። ነጠብጣቡ ሰፋ። ከዚያ አንድ ቀን ጨርሶ ጠፋ።

«አላልኳችሁም?» አለ ጌታው።

ፍሳሹ ቆሞ ሳይሆን ዘይቱ አልቆ ነበር። ፒክአፕ ላይ ያለ ትራንስፈር ኬዝ ብዙ ዘይት አይዝም፤ በሃይሉክስ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ሁለት ጎማ ላይ ብቻ ቢነዳም ውስጡ ይዞራልና ያለ ዘይት ራሱን ይበላል። የተበላሸችው አንዲት ርካሽ ፓራውሊዮ ነበረች፤ የተገዛው ሙሉ ሳጥን ሆነ።

በእርግጥ ጥፋቱ ሁልጊዜ የባለቤቱ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በወጡ አንዳንድ ትልልቅ የጂኤም ፒክአፖች ላይ የዘይት ፓምፑ እየተፋተገ የትራንስፈር ኬዙን ግድግዳ ከውስጥ ይበሳ ነበር፤ ያንን ባለቤቱ ቢጸልይም አያድነውም። ሁለት አዲስ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ አድርጎ ፎር ዊል የሚያስገባውን ግን ማን ይከላከልለታል? ቀጥ ያለ መንገድ ላይም ጎማዎቹን እያጣላ ነው የሚሄደው።

ከአማን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ ዋዲ ረም ብትወርዱ ቀለማቸው የለቀቀ አሮጌ ሃይሉክሶችና ላንድ ክሩዘሮች ቱሪስት ከኋላ ጭነው አሸዋ ሲያቦኑ ይውላሉ። በደዊኑ ሹፌር አሸዋ ሲጀምር ያስገባል፣ አስፋልት ሲነካ ያወጣል። ትምህርት ቤት አልገባበትም፤ መኪናው እንጀራው ነው።

በአማን ስስቅ የአዲስ አበባዎቹ ትዝ አሉኝ። በፕሮጀክት ስም «ለገጠር ሥራ» ተብለው የገቡት ደብል ጋቢናዎች ዕድሜያቸውን ከቢሮ ወደ ሆቴል አዳራሽ ሲመላለሱ የሚፈጁ ናቸው። አንዴ መስክ ሲወጡ ጭቃው ይይዛቸዋል፤ ሹፌሩ ዘንጉን ይጎትታል፣ ዘንጉ እንቢ ይላል፣ የገጠር ሰው በበሬ ያወጣቸዋል። የመስክ ሪፖርቱ ላይ በሬዎቹ አይጠቀሱም።

ፒክአፕ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አማንም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ዛሬ ማታ ከመኪናችሁ መሃል ስር ካርቶን አንጥፋችሁ እደሩ፤ ጠዋት ዘይት ካያችሁ ኤሲውን አታሙት። በወር አንድ ቀን አፈር መንገድ ፈልጋችሁ ፎር ዊሉን አንቀሳቅሱት። አስፋልት ስትደርሱ ደግሞ ወደ ሁለት መልሱት፤ እንቢ ካለ ቀጥ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል።