የኮልፌ ቀራኒዮ ደጋፊ በክለቦች ውሳኔ ላይ ያለው ተጽዕኖ፤ መጠነኛ ጥናት

መግቢያ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ፣ ከዓለም ባንክ እስከ ቤቴል፣ ቅዳሜና እሁድ እንደ ዲኤስቲቪ ቤት ሥራ የሚበዛበት መሥሪያ ቤት የለም። አሰልጣኝ ይሾማል፤ አሰልጣኝ ይሻራል፤ አጥቂ ይሸጣል፤ የተከላካይ ደመወዝ ይቆረጣል። ሥራው ክፍያ የለውም፤ ጭራሽ ሠራተኛው መግቢያ ከፍሎ ነው የሚገባው። ይህን ያህል ጉሮሮ የሚደክምበት ዘርፍ አጥኚ ማጣቱ ስላሳሰበን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ኮልፌ ላይ የሚወሰነውን ክለቦቹ ይሰሙታል ወይ?

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው ቁጭ ብሎ በመስማት ነው። መጠይቅ መበተን አላስፈለገም፤ ደጋፊ ሳይጠየቅ ይመልሳል።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ፤ በሩ ላይ በጠመኔ 9:30፣ 12:00፣ 2:30 ተብሎ ሰዓቱ፣ ከጎኑም የሚጋጠሙት ቡድኖች የተጻፉበት ሰሌዳ ተደግፏል። ውስጥ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። አቀማመጡ ለጥናቱ ወሳኝ ነው። ፊት የሚቀመጡት ጨዋታ ሊያዩ የመጡ ስለሆኑ አስተያየታቸው ጥቂት ነው። መሐል ያሉት የውርርድ ቲኬት የቆረጡ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ የአርሰናል ማሊያ ለብሶ ለተጋጣሚው ጎል ሲለማመን በመታየቱ፣ የጥቅም ግጭት አለባቸው ተብለው ከመረጃው ወጥተዋል። አሰልጣኝ የሚሾመውና የሚሽረው ቦርድ የሚሰየመው ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። ከፍተኛው የአስተያየት መጠን የተመዘገበው መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ያኔ የተንታኙን ሐሳብ የሚያቋርጥ ጨዋታ የለም።

ግኝት አንድ፤ ኮልፌ ቀድሞ ያውቃል

ማንቸስተር ዩናይትድ ከፈርጉሰን ጡረታ እስከ 2017 ባለው ጊዜ ዴቪድ ሞየስን በሚያዝያ 2006፣ ሉዊ ቫንሃልን በግንቦት 2008፣ ጆዜ ሞሪንሆን በታኅሣሥ 2011፣ ኦሌ ጉናር ሶልሻየርን በኅዳር 2014፣ ኤሪክ ቴንሃግን በጥቅምት 2017 አሰናብቷል። አምስቱንም ኮልፌ ቀደም ብሎ አሰናብቷቸው ነበር። አምስት ከአምስት የሚያመጣ ጥናት በየዕለቱ አይገኝም፤ ክለቡ ኮልፌን ይሰማል ብለን እዚህ ላይ ብንዘጋው ማንም አይከሰንም ነበር።

ችግሩ ኮልፌ ያላሰናበተው አሰልጣኝ አለመገኘቱ ነው። በየማለዳው «ዛሬ ይዘንባል» የሚል ሰው ሐምሌ ሲገባ ነቢይ ይባላል። ኮልፌም በየሽንፈቱ ያሰናብታል፤ በየድሉ ይመልሳል። ቴንሃግ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሰናብቶ፣ ግንቦት 2016 ላይ ማንቸስተር ሲቲን አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን ሲያነሳ በሙሉ ክብር ወደ ሥራው ተመልሷል። እዚህ ላይ ግን አጥኚውን ያስደነገጠ ነገር አለ። ክለቡም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በዚያው ክረምት መግቢያ ውሉን አራዘመለት፣ ጥቅምት ላይ አባረረው። ስለዚህ «ክለቡ ኮልፌን ይሰማል» ከማለት ይልቅ «ክለቡም እንደ ኮልፌ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚወስነው» ማለቱ ከማስረጃው ጋር ይበልጥ ይስማማል።

ግኝት ሁለት፤ ያልተፈጸመው ውሳኔ

ነሐሴ 2013 ላይ አርሰናል የውድድር ዘመኑን ሲጀምር በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸነፈ። አንድም ጎል ሳያገባ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። ኮልፌ ሚኬል አርቴታን በሙሉ ድምፅ አሰናበተ። ለንደን አልፈጸመችም። ቆይቶም ቡድኑ ሦስት የውድድር ዘመናት በተከታታይ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። የስንብቱ ውሳኔ ግን በይፋ ስላልተሻረ በሕግ ደረጃ አሁንም እንደጸና ነው። ያኔ ድምፅ የሰጡትን ስናነጋግር ሁሉም «እኔ ድሮም ጊዜ ይሰጠው ብያለሁ» ብለዋል። በሙሉ ድምፅ ያለፈ ውሳኔ ደጋፊ አልባ ሆኖ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የአርቴታ ጉዳይ ኮልፌን ብቻ አላሳፈረም። የሩዋንዳው ፕሬዝዳንት ፖል ካጋሜ የአርሰናል ደጋፊ ናቸው፤ አገራቸው ከ2010 ጀምሮ ስሟን በማሊያው እጅጌ ላይ ለማስጻፍ ትከፍል ነበር። ከብሬንትፎርዱ ሽንፈት በኋላ ቅሬታቸውን በአደባባይ ገልጸዋል፤ መናኛ ውጤት ተቀባይነት እንደሌለው አሳስበዋል። ምንም አልተፈጠረም። ርዕሰ ብሔር ሆኖ፣ እጅጌውንም ከፍሎ ይዞ ያልተሰማ ሰው ካለ፣ አንድ ሻይ ይዞ የገባ የአየር ጤና ልጅ ቅር ሊለው አይገባም።

ግኝት ሦስት፤ የገንዘቡ መንገድ

«የእኛ ገንዘብ ነው የሚያኖራቸው» የሚለው መከራከሪያ በተደጋጋሚ ስለተሰማ ገንዘቡን ተከትለን ሄድን። የመግቢያው ክፍያ ለቤቱ ባለቤት ይሰጣል። ባለቤቱ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ደንበኝነት ይከፍላል። ደንበኝነቱ ወደ ደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ ይሄዳል። መልቲቾይስ ለስርጭት መብቱ ለፕሪሚየር ሊጉ ይከፍላል። ሊጉ ለ20 ክለቦች ያካፍላል። አርሰናል የደረሰውን ይወስዳል፤ ባለቤቱ ስታን ክሮንኪ ያለው አሜሪካ ነው። አስተያየት በዚሁ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል ብንል እንኳ፣ ገና የመጀመሪያው ኬላ ላይ፣ የቤቱ ባለቤት «ዝም በሉ፣ ኮሜንታተሩ አልተሰማም» ብሎ ይመልሰዋል።

ግኝት አራት፤ ተሰሚ የሆነ ደጋፊ

ፍትሐዊ ለመሆን ደጋፊ ያሸነፈበትም ጊዜ አለ። ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ምሽት 12 የአውሮፓ ክለቦች የራሳቸውን ሱፐር ሊግ መመሥረታቸውን አሳወቁ። በሁለተኛው ቀን የቼልሲ ደጋፊዎች ስታምፎርድ ብሪጅ ደጅ አስፋልቱን ዘግተው የቡድናቸውን አውቶቡስ አላሳልፍ አሉ። ምሽቱ ሳያልቅ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች እየወጡ መሆናቸውን ተናገሩ፤ አርሰናልም ይቅርታ ጠየቀ።

ኮልፌ ለዚህ ድል ድርሻ ይጠይቃል። ማስረጃው ግን አያግዘውም። በዚያ ሰሞን ቦርዱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ «በየሳምንቱ ማድሪድ ከሊቨርፑል ማየት ምን ይጠላል?» ይል ነበር። ከዚህም በላይ ለንደን ላይ የሠራው አስተያየቱ ሳይሆን አውቶቡሱ ፊት የቆመው ሰው ነው። ከአየር ጤና ተነስቶ ስታምፎርድ ብሪጅ የሚያደርስ ታክሲ የለም።

ግኝት አምስት፤ የአገር ቤቱ ሁኔታ

አገር ውስጥ ደጋፊው ለውሳኔው ይቀርባል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይሰማል ብለን ገምተን ነበር። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጥቅምት 2005 ላይ ሱዳንን አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመልሱን አገር በሙሉ ተሸከማቸው። ጥር 2006 ላይ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና (ቻን) ሦስቱንም ጨዋታ አንድም ጎል ሳናገባ ስንሸነፍ ያው አገር ይውረዱ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰናበቱ። ምትካቸው ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ እሱም ሄደ። ውሳኔው የደጋፊውን ጩኸት ተከትሏል ማለት ይቻላል። የጩኸቱን ውጤት ማን ይወስዳል የሚለው ግን ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

የክለቦቹ መረጃ ደግሞ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። በጭፈራና በክርክር የሚስተካከለው የሌለው የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ፣ በፕሪሚየር ሊጉ ዘመን ያየው ዋንጫ አንድ ነው፤ እሱም በ2003። በ2016 ዋንጫውን የወሰደው ንግድ ባንክ ነው። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን። አንዱ ባንክ፣ አንዱ ኢንሹራንስ ነው፤ ሁለቱም ጸጥታ የለመዱ ተቋማት ናቸው። ብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን ሜዳችን በካፍ ታግዶ የባለሜዳነቱን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ፣ ሰኔ 2014 ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። ከእነዚህ ተነስቶ «ደጋፊ በራቀ ቁጥር ውጤት ይቀርባል» የሚል ሰው ይኖራል። እኛ አላልንም፤ ከስታዲየም መውጫ አለና።

ምክንያቱ ይበልጥ ተራ ነው። አብዛኛው የአገራችን ክለብ የሚተዳደረው ከመሥሪያ ቤት ወይም ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። የክለቡን ቦርድ የሾመው በጀቱን የያዘው ነው፤ ቦርዱም የሚሰማው የሾመውን ነው። ስታዲየሙ ሞላ አልሞላ የተጫዋቹ ደመወዝ ከዚያው ይወጣል። ትኬት የማያኖረውን ክለብ ትኬት የቆረጠ ሰው አያዘውም።

ግኝት ስድስት፤ የርቀት ሕግ

ከላይ ያሉት ሁሉ ወደ አንድ ሕግ ያመራሉ። የአስተያየት ሙቀት ከርቀት ጋር ይጨምራል፤ ተሰሚነት ከርቀት ጋር ይቀንሳል። ሕጉን ለመፈተን በጣም ቅርብ የሆነ ክለብ ያስፈልግ ነበርና ተገኘ። በክፍለ ከተማው ስም የሚጠራ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው ከፍተኛ ሊግ የተጫወተ የእግር ኳስ ክለብ አለ። ኮልፌ ቀራኒዮ ይባላል።

የአርሰናልን ታዳጊዎች ከነጫማ ቁጥራቸው የሚያውቁ አንድ አንጋፋ ተንታኝ፣ ግድግዳውን እንደተደገፉ ተጠየቁ።

«ጋሼ፣ የኮልፌ አሰልጣኝ ማን ነው?»

«የቱ ኮልፌ?» አሉ።

ሌሎቹም የተሻለ አልመለሱም። አሰልጣኙን ያሰናበተ የለም፤ ያመሰገነም የለም። ደጋፊው አንድ ታክሲ ተሳፍሮ በሩን ሊያንኳኳ የሚችልበት ብቸኛ ክለብ፣ እስከ ዛሬ አንድም አስተያየት ያልደረሰው ሆኖ ተገኝቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፤ እዚህ ግን የብብቱ መኖሩም አይታወቅም።

የጥናቱ ውስንነት

ጥናቱ የተካሄደው አርሰናል በሚጫወትባቸው ቀናት ስለሆነ የቃላቱ ምርጫ መደበኛውን የኮልፌ ነዋሪ ላይወክል ይችላል። ከተሰበሰበው መረጃም ከፊሉ ጎል ሲገባ በተነሳው ግርግር ከማስታወሻ ደብተሩ ጋር ተረግጧል።

ምክረ ሐሳብ

ቦርዱ ለለንደንና ለማንቸስተር የሚሰጠውን የማማከር አገልግሎት በከፊል ወደ ክፍለ ከተማው ክለብ እንዲያዞር ሐሳብ አቅርበናል። ሐሳቡ በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቶ ክለቡን የሚያነጋግሩ ተወካዮች ተመርጠዋል። ስብሰባው ለቅዳሜ 9:30 ተቀጠረ፤ ሲቲ ስለሚጫወት ወደ 12:00 ተዛወረ፤ 12:00 ዩናይትድ ስላለ ወደ 2:30 ተገፋ፤ 2:30 ላይ ደግሞ አርሰናል አለ። በመጨረሻ ሊጎቹ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ዕረፍት እስኪወጡ እንዲቆይ ተስማምተዋል። ያን ሰሞን ግን የብሔራዊ ቡድኑን አሰልጣኝ ማሰናበት ስለሚኖርባቸው ሌላ አጀንዳ መያዝ እንደሚያስቸግራቸው ከወዲሁ አሳውቀዋል።