«ቀለም ነው» ላልከኝ

«ለቀለም ብዬ ገንዘብ አልጨምርም» ያልከኝ የካሙኩንጂው ፉንዲ፣ አንተ የእጅ ባለሙያ፣ ስማኝማ። ቀለምን ብሩሽ ይቀባዋል፣ ቲነር ያነሳዋል። ያቺ ወርቅማ ፑንታ የለበሰችው ግን ቲታኒየም ናይትራይድ ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ጓዳ ውስጥ፣ ቲታኒየሙ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ተንኖ፣ ከናይትሮጅን ጋር ተዋህዶ ነው ብረቱ ላይ የሚያርፈው። ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ቢሆን ነው። ጥንካሬው ግን በቪከርስ መለኪያ ሲለካ 2300 ገደማ ይደርሳል፤ ከሥሩ ያለው ሃይ ስፒድ ስቲል 850 አካባቢ ነው። በል፣ ይህን የሚቀባ ብሩሽ ካለህ አሳየኝ!

«ታዲያ ልባሱ 1000 ዲግሪ ላይ ቢጋገር አይሻልም ወይ?» አልከኝ። ለካርባይድ ፑንታ እሺ፤ እሱ ይችለዋል። ያንተ ፑንታ ግን በ550 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ጥንካሬውን የያዘ ብረት ነው። ከዚያ ካሳለፍከው ይለሰልሳል፤ ልብሱ ይተርፍና ለባሹ ይሞታል። ከ500 ዲግሪ በታች መልበጥ የተቻለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ፣ ወርቅማ ፑንታ በየገበያው የታየው ለዚህ ነው።

አንተ ደግሞ፣ «ወርቅማ ከሆነ ኦሪጅናል ነው» እያልክ የምትሸጠው! ወርቅማነቱ የሚመሰክረው ለልባሱ ነው፤ ለብረቱ ማን ይመስክርለት? በቲነር የራሰ ጨርቅ ቀለም የተቀባውን ያጋልጣል፤ እውነተኛ ልባስ የለበሰውን ርካሽ ብረት ግን አያጋልጥም። ለስላሳ ብረት ላይ ያረፈ ጠንካራ ልባስ ጭቃ ላይ የተነጠፈ መስታወት ነው፤ ሥሩ ሲሰምጥ እሱ ይሰነጠቃል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሐሰተኛ ዕቃን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ሕጉ እስኪደርስ ግን ሦስት ቀዳዳ በስቶ የደነዘ ፑንታ የያዘው ፉንዲ የዕለት ጉርሱን ከስሯል። የምቆጣው ለእሱ ነው። እስቲ ሱቅህ ውስጥ ቁራጭ ብረት አስቀምጥ፤ ገዢው በስቶ አይቶ ይክፈል። ዕቃህን ካመንከው ምን ያስፈራሃል?

«ጥቁሩ ከወርቅማው ይበልጣል» ላልሽኝ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ግን ለምን ሥራ? አሉሚኒየም የተጨመረበት ጥቁር ሐምራዊ ልባስ ሲግል በላዩ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ያበጃል፤ በዚያ ተከልሎ እስከ 800 ዲግሪ ይዘልቃል። ብረት በፍጥነት ለሚቆርጥ ማሽን ግሩም ነው። ሱፉሪያ፣ ማለትም ድስት፣ ለመብሳት ግን አታንሺው፤ ሱፉሪያው ራሱ አሉሚኒየም ነው፣ እንዲህ ያለው ልባስ ላይ ይጣበቃል።

እርስዎስ ጋሼ፣ «የተለበጠ ገዝቼለት ልጁ አሁንም ይንቀራፈፋል» ያሉት? ልባሱ ዋጋውን የሚመልሰው ፍጥነት ሲጨመር ነው። ሰበቃው ይቀንሳል፣ ፍቅፋቂው አይጣበቅም፣ ሙቀቱም አብዛኛው ከፍቅፋቂው ጋር ይወጣል። በድሮው ፍጥነት ካሠሩት ዕድሜው ይረዝም ይሆናል እንጂ ልጁ አይፈጥንም። የእጅ ትራፓኖ ከሆነማ ጭራሹን ሌላ ነው፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉ ከማለቁ በፊት ይሸረፋል። በዚያው ገንዘብ ያልተለበጠ ግን ጥሩ ብረት የሆነ፣ በደንብ የተሳለ ፑንታ ይግዙለት።

«አንዴ ከተሞረደ ምን ዋጋ አለው?» ብለህ ወርቅማዋን ፑንታ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር የወረወርካት፣ የኢስሊ ጋራዥ ያገሬ ልጅ፣ ሄደህ አንሳት! የመሞረጃው ሞላ ያነሳው የጫፏን ልባስ ብቻ ነው። ፍቅፋቂው የሚወጣበት ቦይና የቀዳዳውን ግድግዳ የሚታከከው ጠርዝ እንደለበሱ ናቸው። ሁለቱን ከንፈሮች እኩል አድርገህ የጫፏን ማዕዘን በ118 ዲግሪ ሞርዳት፣ ዘይት አጠጣት፣ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንስላትና አሠራት።