ጎሚስታና ኮከብ፦ በአያት አደባባይ ምግብ ቤት ስለማግኘት የተደረገ የመነሻ ጥናት

የራበው ሰው በማያውቀው ሰፈር የሚበላበትን ቤት በምን ይመርጣል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በምሳ ሰዓት አያት አደባባይ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ያየ ግን ቀላል አይለውም። ከጦር ኃይሎች የሚነሳው ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የመጨረሻ መንገደኛውን የሚያራግፈው እዚህ ነው። በወዲያ በኩል መንገዱ ወደ ጣፎ ይወጣና በሰንዳፋ፣ በሸኖ አድርጎ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ደሴ ይላል። ስለዚህ አያት ላይ ሁለት ዓይነት ረሃብ ይገናኛል፤ ከተማ የጨረሰ ሰው ረሃብና ክፍለ ሀገር የጀመረ ሰው ረሃብ።

በዘርፉ አንቱ የተባለው ሥራ በ1900 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ መታተም የጀመረው የሚሼሊን መመሪያ ነው። አሳታሚው የወጥ ሊቅ ሳይሆን ጎማ ሻጭ ነበር። ሰው ብዙ ከነዳ ጎማው ቶሎ ያልቃል፤ ካለቀ ሌላ ይገዛል፤ ብዙ እንዲነዳ ደግሞ ሩቅ ቦታ ጥሩ ምግብ እንዳለ ሹክ ማለት ይበቃል። ኮከብ መስጠት የተጀመረው በ1926 ሲሆን፣ ኋላ ላይ ትርጉሙ እንዲህ ተደላደለ፦ ባለ አንድ ኮከቡን መንገድህ ላይ ካገኘኸው ግባ፤ ለባለ ሁለቱ ከመንገድህ ብትወጣም አይቆጭህ፤ ለባለ ሦስቱ ግን ለእሱ ብለህ ከቤትህ ተነሣ። በእኛም አገር በ2007 ዓ.ም. ሆቴሎች ኮከብ ተሰጥቷቸዋል። ሽሮ ቤት ላይ ግን እስካሁን አንድም አልወጣ።

ይህ ጥናት ከታሪኩ የሚወስደው መላምት አጭር ነው። የዓለም ትልቁ የምግብ ዳኛ የጎማ ሰው ከሆነ፣ አያት ላይም የሚጠየቀው የጎማ ሰው ነው። ጎሚስታው ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር ነው። ማን የት እንደገባ፣ ምን ያህል ቆይቶ እንደወጣ፣ ሲወጣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይሁን ከአስተናጋጅ ጋር እየተጨቃጨቀ፣ ሁሉንም ያያል። የሚሼሊን መርማሪዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ አብዝተው ይጠነቀቃሉ። ጎሚስታው ምንም ሳይጠነቀቅ ስሙን የሚያውቅ ደንበኛ የለም።

የመስክ ሥራው የተካሄደው የኋላ ግራ ጎማ በተነፈሰ ዕለት ነው። ጎሚስታው ጎማውን ውሃ ውስጥ እየደፈቀ አረፋ ይፈልጋል።

«ወንድሜ፣ እዚህ አካባቢ ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?»

ቀና እንኳ አላለም። «ጋሼ፣ ለራስዎ ነው ለእንግዳ?»

ከዚህ የተሻለ ምደባ ለጊዜው አልቀረበም። የእንግዳው ቤት ከሲኤምሲ በሚመጣው ዋና መንገድ ዳር፣ ፎቅ ላይ ነው። ሜኑው ቆዳ ለብሷል፤ ገጹ ብዙ ነው፤ ከተጻፈው ግማሹ የለም። አስተናጋጁ የሌለውን አስቀድሞ አይናገርም፤ እስኪታዘዝ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቅና «እሱ እንኳ ዛሬ አልቋል» ይላል። «ስፔሻል» የተባለው ምግብ እንቁላል ተጨምሮበታል። ሂሳቡ ላይ ደግሞ 15 በመቶው የመንግሥት፣ 10 በመቶው የአገልግሎት ተብሎ ይጨመራል። እንግዳው ሦስት ጉርሻ በልቶ «በቃኝ» ይላል፤ ጋባዡ የተረፈውን እያየ ይተክዛል።

የራስ ቤት ታፔላ የለውም። አድራሻው «ከባንኩ ጀርባ፣ ሰማያዊ ሸራው ጋ» ነው። ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ይመጣል፤ እስኪበርድ የሚታገሥ ደንበኛ ስለሌለ ምላስ ይቃጠላል፤ የሚያማርር ግን አይሰማም። ሥጋ ቤት ከሆነ መስታወቱ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሏል፤ ነጭ ጋወን የለበሰው ቆራጭ ቢላውን እየሳለ «ከየቱ ይሁን?» ይላል። ሻኛን ከታላቅ፣ ጎድንን ከዳቢት የማይለይ ሰው በዚህ ጊዜ ኮስተር ብሎ «ቀላቅልልኝ» ይላል፤ እንደ አዋቂም ይቆጠራል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም 55 ቀን፣ የባለ መስቀሉ ቤት ሜንጦ ባዶውን ይውላል። በእነዚህ ቀናት ጥናት የሚያካሂድ ተመራማሪ ስለ በያይነቱ ብቻ ያውቃል።

ጎሚስታ ያላገኘ ሰው ሁለቱን ቤቶች በሂሳብ ግብግብ ሊለያቸው ይችላል። ሽሮ ቤት ውስጥ «ኧረ በሞቴ!»፣ «እናቴ ትሙት አትከፍላትም!» እየተባለ የአስተናጋጇ እጅ ወዲያና ወዲህ ይጎተታል፤ ከጎን ጠረጴዛ ገላጋይ ይነሳል። ሥጋ ቤት ውስጥ ሂሳቡ በኪሎ ስለሚመጣ መሐላው ይቀዘቅዛል፤ እናትም በሕይወት ትቆያለች። ፎቅ ላይ ደግሞ ሂሳቡ ጥቁር ማኅደር ውስጥ ተከድኖ ሲቀርብ፣ ከተጋባዦቹ አንዱ ወዲያው ስልክ ይደወልለታል። በመሆኑም የግብግቡ ርዝመትና የምግቡ ዋጋ ተቃራኒ ግንኙነት አላቸው። ለመብል ገንዘብ ማውጣት የከበደን ዛሬ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮ ስለሸሸ፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው በመክፈል አርአያ ሆኑ ይባላል። ስልክ በዚያው ዘመን አገር ውስጥ ቢገባም በኪስ የሚያዝ ስላልነበረ፣ በሂሳብ ሰዓት የሚደወልለት መኳንንት አልተገኘም።

የቀረው የሦስተኛው ኮከብ ጉዳይ ነበር፤ ሰውን ከቤቱ የሚያስነሳው። ጎሚስታው ነፋሱን እየሞላ ጥቂት አሰበ። «እሱ እንኳ ደብረ ብርሃን ነው» አለ፤ «አይሱዙ የተደረደረበትን አይተው ይገባሉ፤ ሹፌር ሁለት ጊዜ አይታለልም።» ከመሐል ከተማ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈረንሳዊው ጎማ ሻጭ ይህን ምክር ቢሰማ ጎሚስታውን ይቀጥረው ነበር። ይሁንና የእኛው ጎሚስታ ብሎኑን አጥብቆ ጨረሰ፤ ሌሎቹን ሦስት ጎማዎች አንድ በአንድ በእግሩ እየመታ ዞረ።

«በነዚህ ግን ሸኖንም አያልፉ፤ ከባንኩ ጀርባ ይብሉ።»