ጣሪያ ፍለጋ

«ፓኖራማ» የሚለው ቃል «ሁሉ» እና «እይታ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ሲሆን፣ ሮበርት ባርከር የተባለ ሠዓሊ ተመልካቹን መሐል አቁሞ ሥዕሉን በዙሪያው የመዘርጋትን ዘዴ በ1787 እ.ኤ.አ. በስሙ ካስመዘገበ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተለመደ ስያሜ ነው። የቃሉ ተስፋ ትልቅ ነው፤ ሁሉንም ላሳይ ይላል። ይሁን እንጂ በቃሊቲ ሰማይ ላይ በድሮን የተነሣ ፓኖራማ ይዞ ወደ ሰፈሩ ሰው የቀረበ ሁሉ በየጊዜው እንደሚያረጋግጠው፣ ሁሉን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሲቀርብለት ሁሉን የሚያይ ሰው አይገኝም። ተመልካቹ ተራራውንም፣ ሰማዩንም፣ የፎቶ አንሺውን ድካምም አልፎ፣ ስክሪኑን በሁለት ጣት ወጠር ወጠር እያደረገ፣ «የእኛ ቤት የቱ ጋ ነው?» ይላል።

በአዲስ አበቤ ዘንድ ቃሊቲ ስለ ውበቷ የምትነሣ ሰፈር አይደለችም። ስሟ የሚነሣው ከጉምሩክ፣ ከመናኸሪያ፣ ከማረሚያ ቤት፣ ከብረታ ብረት ፋብሪካ እና፣ ነፋሱ እንደነፈሰበት አቅጣጫ፣ ከአቃቂ ወንዝ ሽታ ጋር ነው። ለፓኖራማ ግን ከቃሊቲ የተሻለ ቦታ በከተማይቱ ውስጥ ማግኘት ያዳግታል። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያየው አድማስ ከ5 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ብዙ ሀገሮች ለትናንሽ ድሮኖች የከፍታ ጣሪያ አድርገው እስከወሰኑት እስከ 120 ሜትር የወጣ ካሜራ ግን 39 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል፤ ተራራ ሲሆን ደግሞ ከዚያም አልፎ ብቅ ይላል። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ በሚጠራባቸው በመስከረምና በጥቅምት ማለዳዎች፣ በሰሜን እንጦጦ፣ በምሥራቅ የረር፣ በደቡብ ዝቋላ፣ በምዕራብ ፉሪና ወጨጫ ቃሊቲን መሐል አድርገው እንደ ሸንጎ ተቀምጠው ይታያሉ። ቃሊቲ በተራሮች ሸንጎ የተከበበች መሆኗን ነዋሪዋ የማያውቀው፣ ቀና ሲል ዓይኑን ከሚይዙት የፋብሪካ አጥሮችና ኮንቴይነሮች ባሻገር ለማየት 120 ሜትር ስለሚጎድለው ብቻ ነው።

ድሮን በዚህ አገባቡ ካሜራ የተሸከመ ባለ አራት ፕሮፔለር መሣሪያ ሲሆን፣ ሁለቱ ፕሮፔለሮች ወደ ቀኝ ሁለቱ ወደ ግራ ስለሚሽከረከሩ አካሉ በራሱ ላይ እንደ እንዝርት ከመዞር ይድናል። ካሜራው የተንጠለጠለበት ጊምባል የሚባለው መያዣ፣ አካሉ በነፋስ ቢወዛወዝም በትናንሽ ሞተሮች እያስተካከለ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነው፤ ከመናኸሪያው ተነሥቶ በሚኒባስ የኋላ ወንበር የሚመላለስ ሰው ለአንገቱ ሊመኘው የሚገባ ዕቃ ነው። ቃሊቲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ፕሮፔለሮቹም ለመንሳፈፍ ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር ስላለባቸው ባትሪው ፋብሪካው በጻፈለት ደቂቃ ሳይሆን ሀገሩ በፈቀደለት ደቂቃ ያልቃል።

ዙሪያ ገባውን የሚያሳይ ፓኖራማ አንድ ፎቶግራፍ አይደለም። ድሮኑ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እየዞረ፣ እንደየሞዴሉ ከ25 እስከ 35 የሚደርሱ ፎቶግራፎችን ያነሣል፤ እያንዳንዱም ከጎረቤቱ ጋር የተወሰነ ክፍል እንዲጋራ ይደረጋል፤ ከዚያም ሶፍትዌር የሚጋሩትን ክፍል እየፈለገ ያጋጥማቸዋል። ሙያተኞች ይህን ማጋጠም ስፌት ይሉታል። ስፌቱ ለተራራ ተስማሚ ነው፤ የረር አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። የቃሊቲ መንገድ ግን አይጠብቅም። በመጀመሪያው ፎቶ የነበረ ባጃጅ በሁለተኛው ስለሚታጠፍ የኋላ ግማሹ ብቻ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሲኖትራክ ሁለት ጋቢና አውጥቶ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጓዛል፤ ወደ ገበያ የሚነዳ ፍየልም ስድስት እግር ተሰጥቶት ዋጋው ሳይጨምር ይሸጣል። በዚህ ረገድ የሶፍትዌሩ ስሕተት ከእውነታው ብዙም አይርቅም፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት ቃሊቲ አደባባይ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ጋቢና ያለው ሲኖትራክ ያየ ያህል መደንገጡ የተለመደ ነውና።

ከአየር ላይ ፎቶ የማንሣት ፍላጎት ከድሮን እጅግ ይቀድማል። ናዳር በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ በ1858 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አቅራቢያ ከፊኛ ላይ አንሥቷል፤ ፎቶው ግን ዛሬ የለም። ዩሊየስ ኖይብሮነር የተባለው ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ደግሞ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በርግብ ደረት ላይ ትንሽ ካሜራ አሥሮ ለቋል፤ ርግቧ ፈቃድ እንዳልተጠየቀች መገመት ይቻላል። ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ ስዊዘርላንዳዊው አብራሪ ቫልተር ሚተልሆልትሰር በ1934 እ.ኤ.አ. ለንጉሠ ነገሥቱ የተገዛ አውሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ ሀገሩን ከላይ አንሥቷል። ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ የጣሊያን ጦር ካርታ አንሺዎች ያነሧቸው ፎቶግራፎች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ በተመራማሪዎች ተለይተዋል፤ 8,281 ሰሌዳዎች ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያይና ሦስት ወደ ጎን ያጋደሉ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። አራቱ ተደምረው ሰፊ እይታ ይሰጣሉ፤ ፓኖራማ ማለት እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ አንሺዎቹ የሚያምር ነገር ሳይሆን የሚወሰድ ሀገር መፈለጋቸው ነው።

የቃሊቲ ሰው ለአየር ላይ ፎቶግራፍ ያለው አመለካከትም ከውበት ጋር እምብዛም አይገናኝም። በአዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታ የሚባለው፣ ማለትም ሰው የሚኖርበት ነገር ግን ካርታ የሌለው ቦታ፣ ሕጋዊ ይሁን አይሁን ሲባል፣ በ1988 ዓ.ም. እና በ1997 ዓ.ም. የተነሡት የአየር ፎቶግራፎች ለማስረጃነት ይቀርባሉ። በፎቶው ላይ የታየ ቤት ነበረ፤ ያልታየ ቤት አልነበረም። በሌላ አነጋገር ፎቶግራፉ ለቤቱ የልደት የምስክር ወረቀት ነው። በዚህ ላይ በአንድ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ በማደሩ ጨረቃ ቤት የተባለው የቤት ዓይነት አለ፤ ይህ ቤት ደንብ አስከባሪ በሚሄድበት በምድር በኩል ራሱን እንዲሰውር ታስቦ የተሠራ እንጂ፣ ጨረቃዋ ባለችበት በኩል የሚመጣ ዓይን ይኖራል ተብሎ አልታሰበም።

ስለሆነም የድሮን ድምፅ በተሰማ ጊዜ ፎቶ አንሺው የሚጠየቀው ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ አይደለም። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ለልማት ነው?» ይባላል፤ ሰሞኑን ደግሞ «የኮሪደር ልማቱ ወደ እኛ ዞረ እንዴ?» የሚለው ተጨምሯል። «ፎቶ ብቻ ነው እማማ» የሚለው መልስ ማንንም አያረጋጋም፤ የ1997ቱም ፎቶ ብቻ ነበርና። ከዚህም ሌላ ድሮን የሚለው ቃል ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ በብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ ሌላ ትርጉም ስላለው፣ ቀና ብሎ የሚደነግጥን ሰው በኋላ ቀርነት መክሰስ አግባብ አይደለም። ድሮን ወደ ሀገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ጉዳዩም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ይመለከታል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ጉምሩክ ይቀመጣል። ስንት ኮንቴይነር ፈቃዱን ሲጠብቅ ባየች ቃሊቲ ውስጥ ይህ እንደ ሀገር ልማድ የሚቆጠር ነው።

ከሁሉ በላይ ፈጣን እርምጃ የሚወስዱት በርበሬ ያሰጡ እናቶች ናቸው። ከላይ ሲታይ በግቢ ላይ የተዘረጋ በርበሬ በግራጫ ቆርቆሮ መሐል እንደ ቀይ ስጋጃ ስለሚያበራ ፎቶ አንሺው አነጣጥሮ ይጠብቀዋል፤ ድምፁ እንደተሰማ ግን ነጠላ ይለብሳል፣ አብሮት የተሰጣ ብቅልም ይሸፈናል። የሰው ዓይን የሚፈራበት ቤት፣ ዓይኑ ፕሮፔለር አብቅሎ ሲመጣ ይበልጥ ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም።

ፓኖራማው ለዘመድ ሲላክ ሌላ ችግር ይፈጠራል። ቴሌግራም ፎቶውን ስለሚያሳንሰውና ስልክም ቁመቱ ረጅም ወርዱ ግን ጠባብ ስለሆነ፣ ከእንጦጦ እስከ ዝቋላ የተዘረጋው ሀገር ቀጭን መቀነት ሆኖ ይደርሳል፤ ተቀባዩም «እንደ ፋይል ላከው» ይላል። በፋይል ሲላክ ደግሞ ካሜራ ሽታ ስለማያነሣ፣ ውጭ ሀገር የሚኖረው ዘመድ በጣም ያማሩትን ነገሮች እየለየ ይጠይቃል። ፀሐይ ስታርፍባቸው እንደ ብር ሳንቲም የሚያብረቀርቁት ክብ ውኃዎች የየትኛው ሎጅ መዋኛ ናቸው ይላል፤ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣሩ የተሠሩት የቃሊቲ ገንዳዎች ናቸው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ራቅ ብሎ የተነጠፈው ለምለም ሣር የጎልፍ ሜዳ ይሆን ይላል፤ የአባ ሳሙኤል ሐይቅን የሸፈነው እምቦጭ ነው። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ እንዲህ ላለ ጥያቄ ሙሉውን እውነት መመለስ ግዴታ አይደለም፤ ሰው በስደት ሳለ ሀገሩ ሎጅ እንዳላት ቢያስብ የሚጎዳ ነገር የለም።

የሰፈሩ ሰው ግን አይታለልም፤ የራሱን ጣሪያ ካገኘ በኋላ የጎረቤቱን ያጠናል። ቆርቆሮ እንዳይነሣ የተጫነ ድንጋይና ያረጀ ጎማ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የተቀደደ ሳፋ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ተዋሰው ጠፋ ያሉት መሰላል፣ ሁሉም በግልጽ ይታያል፤ አጥሩ ወደ ማን እንደተገፋም እንዲሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የሚያውቁት ጭልፊትና ርግብ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም አይናገሩም።

ስፌቱ ጣሪያቸው ላይ ያረፈባቸው አንዲት እናት ግን ስልኩን ከያዙ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በግራ የጎረቤታቸው ቤት አለ፤ በቀኝ የባሕር ዛፉ አለ፤ በመሐል ሊኖር የሚገባው ጣሪያ ግን በሁለት ፎቶዎች መጋጠሚያ ተውጦ፣ ዛፉ በቀጥታ የጎረቤት ግድግዳ ላይ በቅሏል። ፎቶ አንሺው ልጅ የሶፍትዌር ስሕተት መሆኑን፣ ከቅርብ የሚነሡ ነገሮች ሲጋጠሙ እንዲህ እንደሚሆን በትሕትና አስረዳ። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን መለሱለት።

«ልጄ፣ ገብቶኛል። ግን መልሰህ አስገባው፤ ኋላ አልነበረም ይሉኛል።»