ፎርኖ ልትከል ያለ ሰው አበሳ

ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ባለው መንገድ ዳር መኪና ሲቀባ ያላየ የኮልፌ ቀራኒዮ ሰው የለም። ሸራ ይወጠራል፣ መስታወቱ በጋዜጣና በቴፕ ይሸፈናል፣ ኮምፕሬሰሩ ይንደቀደቃል፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ቲነር ቲነር ይላል። ለዚህ ፈቃድ የጠየቀ የለም፤ ፈቃድህ የታለ ብሎ የጠየቀውም የለም። ፈቃድ የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነው፦ ግቢ ተከራይቶ፣ ተበድሮ፣ ማጣሪያና ጭስ ማውጫ ያለው የመኪና መቀቢያ ፎርኖ ልትከል ያለ ሞኝ። እኛ ማለት ነው።

ከሕጉ ጋር ጠብ የለንም፤ ሕጉ ደህና ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወደ አየር ለሚለቀቅ ነገር በዓይነትም በመጠንም ደረጃ እንዲወጣለት ያዛል። መንትያው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይፈቀድለት እንዳይጀመር ይከለክላል፤ ንግድ ፈቃድ ሰጪውም ይህን ሳያረጋግጥ እንዳይሰጥ ይላል። ችግሩ የፈቃድ ማመልከቻ ቅጹ የሚጠይቀው ነገርና ጋራዣችን ውስጥ ያለው ነገር ተገናኝተው አለማወቃቸው ነው።

«ወደ አየር የሚለቀቀው ኬሚካል ዓይነትና መጠን» ይላል ቅጹ። መልካም። ቲነሩ ከመርካቶ የሚመጣልን በሃይላንድ፣ ሲበዛም በዘይት ጀሪካን ነው። ውስጡ ምን አለ ብለን ሻጩን ብንጠይቀው «ቲነር ነዋ!» አለን። ቶሉይን ይሁን ዛይሊን፣ ስንት እጁ የትኛው እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ጀሪካኑ ላይ የለም። የሃርድነሩ ቆርቆሮ እንኳ ጽሑፍ አለው፤ ግን ማንበብ የምንችለው ቁጥሩን ብቻ ነው። የዕቃውን የደህንነት መግለጫ ስጡን ብለን ወደ ሌላ ሱቅ ሄድን፤ ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ካየን በኋላ «ደረሰኝ ነው የፈለጋችሁት?» አለ።

ቀጥሎ «የልቀት ልኬት ውጤት ይያያዝ» ይላል። ገና ያልተገዛ ፎርኖ ምኑ ይለካል? ይህን ብንል «እንግዲያው ግምት አስቀምጡ» ተባልን። ግምቱ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። በወር የሚገባው ቀለምና ቲነር በሊትር ተይዞ፣ ከእያንዳንዱ ምን ያህሉ እንደሚተን ይሰላል፤ የተነነው ሁሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የፎርኖ ማጣሪያ የሚይዘው የቀለሙን ብናኝ እንጂ የቲነሩን ትነት አይደለምና። ትነቱን ለመያዝ አክቲቬትድ ካርቦን ያስፈልጋል፤ እሱም ሲጠግብ ይቀየራል። ጎረቤትን የሚያስለው ነገር ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ጥያቄውን ጠበቅን፣ ጠበቅን። የመጣው ግን «ማጣሪያ አለው?» ብቻ ነው። ይኖረዋል አልን፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የተነሳው ሁሉ የማህተም ጉዳይ ነው።

ሰነዱን አማካሪ ካላዘጋጀው አይቀበሉም ስለተባለ አማካሪ ያዝን። ዳጎስ ያለ ጥራዝ አመጣልን። ገልጠን ስናነብ የእኛ ጋራዥ ጥሬ ቆዳ በጨው ያሽና ፍሳሹን ወደ ወንዝ ይለቃል። ስሙ ተቀይሯል፣ ሆዱ የቆዳ ፋብሪካ ነው። አስተካክል ስንለው «እሱን ማን ያነበዋል ብላችሁ ነው?» አለ። የሚያናድደው መዋሸቱ አይደለም፤ እውነቱን መናገሩ ነው።

አምጡ የተባልነው የይዞታ ካርታ ሌላ ጣጣ ነው። ግቢው የኪራይ ነው፤ አከራያችን ካርታቸው ፎቶኮፒ እንዲነሳ እንኳ አይወዱም፣ ጣሪያቸው ለጭስ ማውጫ ይበሳ ሲባሉማ ውሉን ማሳደሱን ተዉት። አንዱ መስኮት የታደሰ ንግድ ፈቃድ አምጡ ይላል፤ ንግድ ፈቃዱን የሚያድሰው መስኮት የአካባቢ ጥበቃ ደብዳቤ አምጡ ይላል። በመሃል ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

እስከዚያው መኪናው አይጠብቅም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በቀረጥ አንቆ ያዘው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ይገጫል፣ ባትላሜራው ያቃናዋል፣ ስቱኮ ይለጠፍበታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ይቀባል፤ ደግሞ ይገጫል። ቀቢያችን የጨርቅ ማስክ አድርጎ ይረጫል፤ ሲጨርስ ወተት ይጠጣል። ወተት መርዙን ያጥባል ብሎ ያልነገረው የሙያ ታላቅ የለም። ከሃርድነሩ የሚወጣው አይሶሳያኔት ግን የሚገባው ሳንባ ነው፤ አስም ያስይዛል፤ ወተቱ የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው። አሜሪካ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች ላለበት የመኪና ቀለም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ የመርጫ ክፍሉ ማጣሪያ ከብናኙ 98 በመቶውን እንዲይዝ፣ ቀቢውም በየ5 ዓመቱ ስልጠናውን እንዲያድስ አዝዛለች። የእኛ ቅጽ ውስጥ ስለ ቀቢው የተጻፈች መስመር ፈልገን አጣን።

ከጎናችን ያሉት እትዬ በርበሬ ያሰጡ ቀን አጥሩን እየደበደቡ ይጮሃሉ። እውነታቸውን ነው። የቆሼን የቆሻሻ ክምር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያሸት የኖረ ክፍለ ከተማ ላይ ቲነር መጨመር ደግ ሥራ አይደለም። አዋጅ 300 ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ ባይነካው እንኳ፣ ስለ ብክለት አቤት እንዲል መብት ይሰጣል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እትዬም ይህን ከልጃቸው ሰምተው አቤት አሉ። በማን ላይ? በእኛ። መንገድ ዳር የሚረጨው ልጅ ታፔላ የለው፣ አድራሻ የለው፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሸራውን ጠቅልሎ ይሄዳል። እኛ ፋይል አለን። በገዛ እጃችን የከፈትነው ፋይል።

አሁን የቀረው አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ነው ተብለናል። ደብዳቤው ፎርኖው ተተክሎ ሥራ መጀመሩን መግለጽ አለበት። ሳይፈቀድ ሥራ መጀመር በአዋጅ 299 ክልክል ነው ብንላቸው፣ «እሱን ከአማካሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ» አሉን።